«ዳይሬክት አድርገው» ስንል ምን እያልን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። ቁልፉ አልሠራ ሲል፣ ፍሬቻው አልበራ ሲል፣ ክላክሱ ሲታፈን፣ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አንዴ ያይና ቀና ብሎ ይጠይቃል፦ «ዳይሬክት ላድርገው?»

እኛ ደግሞ ሁልጊዜ እንደቸኮልን ነው። «አድርገው» እንላለን። ማብሪያ ማጥፊያው ይዘለላል፣ ሁለት ሽቦ ይጠማዘዛል፣ ጥቁር ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ጉዞ ይቀጥላል።

ዛሬ ስለዚህች ቃል ልጻፍ። በዚህ ገጽ ፖለቲካና የኑሮ ውድነት ማንበብ ለምዳችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የእኔም ጥፋት አለበት።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ የሞተሬ የፍሬን መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ፍሬን ያዝኩም አልያዝኩም ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ቦግ እንዳለ ይውላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያቺ አምፖል ቀኑን ሙሉ ስትበላ ትንሿ ባትሪ አትችላትም። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በእስታርተር አልነሳ ማለት ጀመረ። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ጋ ወሰድኩት። አየና «የእግር ፍሬኑ ሲዊች ነው የተበላሸው፤ ዕቃው አሁን የለኝም፤ ባትሪህን ከሚጨርስ ልቁረጠው?» አለኝ። ቃለ መጠይቅ ቀጥሬ ሰዓት አልፎብኛል። «ቁረጠው» አልኩት። ቆረጠው። መቶ ብር ከፍዬ ሄድኩ። ሞተሩም በእስታርተር መነሳት ጀመረ፤ ችግሩ ተፈታ ብዬ ረሳሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከጥቁር ውሃ ወደ ከተማ እየገባሁ ነበር። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ አስፋልቱ እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ብስክሌት የያዘ ልጅ ከዳር ድንገት ገባብኝ። ፍሬን ያዝኩ። ልጁን አልነካሁትም። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ ግን እኔን አገኘኝ።

እኔ ወድቄ እጄ አንጓው ላይ ተቀጨ። ባጃጁ ውስጥ እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግንባሯ ከፊት ለፊቱ ብረት ጋር ተጋጨ። ሁለት ቦታ ተሰፋች። ሾፌሩ ወርዶ መጀመሪያ እኔን አነሳኝ። ከዚያ የሞተሬን ጀርባ እያሳየኝ የተናገረውን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝ መብራት የለህም እኮ! በምን ልወቅልህ?»

ሕጉን ካነሣን ርቀት ጠብቆ መንዳት የእሱ ግዴታ ነበር። ያንን እሱም ያውቃል። እኔ ግን ሌላ የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ ያቺን ሽቦ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። የልጅቷ እናት «እግዜር ይመስገን፣ ዓይኗን አልነካትም» ስትል አንገቴን ደፍቼ ነበር።

እጄ ከዳነ በኋላ መናኸሪያ አካባቢ ወዳሉ አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ያዩኝን ከልብ አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «የቆረጠው ከሁለቱ ሲዊቾች በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እኔ ምን አውቄ! «አላውቅም ጋሼ» አልኩ። «ማወቁ ይሻልህ ነበር ልጄ፤ በአንድ ሽቦ ሁለቱንም ፍሬን ነው ያጨለመብህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሞተር ለፍሬን መብራት ሁለት ማብሪያ አለው፤ አንዱ በእጅ ፍሬኑ ሥር፣ ሌላው በእግር ፍሬኑ አጠገብ በትንሽ ሞላ የሚጎተት። ሁለቱም የሚያበሩት አንዷን አምፖል ነው። ሰውየው የተቆረጠውን ሽቦ መልሰው አገናኙት፤ መብራቱ እንደ ድሮው ቦግ አለ። የእግር ፍሬኑን ሲዊች ሶኬት ነቀሉ፤ መብራቱ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ያዝ አደረጉት፤ በራ። ለቀቁት፤ ጠፋ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በዚያች አምስት ደቂቃ አምፖሉ ደህና እንደሆነ፣ ሽቦው ደህና እንደሆነ፣ ማሳው ደህና እንደሆነ፣ የእጁ ሲዊች ደህና እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእግሩ ሲዊች ውስጥ ብቻ እንደሆነ ታወቀ። ፈተው ሲያዩት ውስጡ የክረምት ጭቃ ደርቆበት ተጣብቋል። አጠቡት፣ አደረቁት፣ የላላውን ሞላ ቀየሩት፣ ብሎኑን አስተካከሉት። የተገዛ ዕቃ ቢኖር ያቺ ሞላ ብቻ ናት። «ስንት ነው ጋሼ?» ስላቸው «መቶ ብር» አሉኝ። ለመቁረጡና ለመጠገኑ የከፈልኩት እኩል ሆኖ አረፈው።

ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያቺ እኩል የሆነች መቶ ብር ናት።

ብዙ ጊዜ «ድህነት ነው እንዲህ የሚያደርገን» እንላለን። ዕቃ የለም፣ ዶላር የለም፣ ኦሪጅናሉ አይገኝም። እውነት አለው። ነገር ግን በእኔ ሞተር ላይ የጎደለው ዕቃ አልነበረም። የጎደለው መጀመሪያ ጥፋቱን የመፈለግ ልማድ ነው። የማብሪያ ማጥፊያ ብልሽት ደግሞ ከሞተር ብልሽቶች ሁሉ ለመፈለግ የቀለለው ነው፤ ሥራው ሁለት ብቻ ነውና። ወይ ያገናኛል፣ ወይ ያለያያል። ማገናኘት ሲገባው ካላገናኘ፣ መለየት ሲገባው ካልለየ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህንን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የእኔማ ዲግሪ አለ፣ ምንም አልጠቀመኝም።

እስቲ ከእኚህ ሰው ያየሁትንና በኋላም ራሴ ደጋግሜ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ምን አብሮ ጠፋ?» ነው። ክላክሱም፣ ፍሬቻውም፣ የፍሬን መብራቱም አንድ ላይ ከጠፉ ሦስት ማብሪያ በአንድ ቀን አይበላሽም። የጋራ የሆነው ቦታ ይታይ፤ ፊውዝ፣ የባትሪ ጫፍ፣ የቁልፍ ኮንታክት፣ ማሳ። አንዱ ብቻ ከጠፋ ግን አምፖሉን፣ የራሱን ማብሪያና የራሱን ሽቦ መፈተሽ ነው። አምፖል ላይ አትሸወዱ፤ የኋላዋ አምፖል በብዙ ሞተሮች ላይ ሁለት ክር አላት። የማታው ደብዛዛ መብራት ስለበራ ብቻ የፍሬኑ ክር አልተቃጠለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የሰውየው መሣሪያ። አንዲት የ12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም። የአንዱ ሽቦ ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ ይታሰራል። ቁልፉ ተከፍቶ፣ የሌላው ጫፍ መጀመሪያ ወደ ማብሪያው የሚገባውን ሽቦ ይነካል፤ ከዚያ የሚወጣውን። የሚገባው ላይ በርታ የሚወጣው ላይ፣ ማብሪያው ተጭኖም፣ ካልበራች በሽተኛው ማብሪያው ነው። ሁለቱም ላይ ከበራች ማብሪያው ንጹሕ ነውና ወደ አምፖሉና ወደ ማሳው ሂዱ። ሁለቱም ላይ ካልበራች ደግሞ ኤሌክትሪኩ ማብሪያው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። በቃ። ቴስተር ያለው ሰው ከዚህ የበለጠ ያያል፤ ባትሪው ላይ 12 ተኩል የነበረው ቮልት መብራቱ ጋ ሲደርስ 10 ከሆነ፣ የጎደለው መሀል ላይ ባለ የዛገ ኮንታክት እየተበላ ነው። የሚበላው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜ ቀልጦ የምናየው የማብሪያ ፕላስቲክ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብልሽቱ መጣ ሄደት ካለ ደግሞ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ሲዞር የሚጠፋ ሲመለስ የሚበራ ከሆነ፣ የመሪው አንገት ላይ በየቀኑ ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ ልባሱ ደህና ሆኖ ውስጡ ተበጥሷል። ስንት ሰው በዚች ሽቦ ምክንያት ደህናውን ሲዊች አስወልቆ አዲስ ገዝቷል!

ማብሪያው ራሱ ከሆነ ደግሞ ለመጣል አትቸኩሉ። የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ መፍታት። ውስጡ ያሉት ሞላና ጥይት የምታክል ኳስ ከተፈናጠሩ አይገኙም። አረንጓዴ ዝገት የያዘውን መዳብ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ለኮንታክት በተሠራ ስፕሬይ ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ መግጠም። አብዛኛው ይነሣል። ላቫጆ ስታስገቡም ልጁን «መሪው ላይ በኃይል አትርጭ» በሉት፤ በግፊት የገባ ውሃ ክረምት ሙሉ ከዘነበው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለወጣቶቻችን። ሞተር ላይ ተጨማሪ ደማቅ መብራትና የጭነት መኪና ክላክስ መግጠም ፋሽን ሆኗል። ፋብሪካው ያንን ማብሪያ የሠራው ለትንሽ ጭነት ነው። 35 ዋት በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 100 ዋት ግን ከ8 አምፔር በላይ ነው። ሪሌ ሳይኖረው ያንን ሁሉ በትንሿ ማብሪያ ማሳለፍ በቀጭን ቧንቧ ወንዝ እንደማሳለፍ ነው። ከዚያ ፊውዝ ይቃጠላል። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ ምን እናደርጋለን? የሲጋራ ብርማ ወረቀት እንጠቀልልበታለን! ፊውዝ እኮ ሌላው እንዳይቃጠል አስቀድሞ እንዲቃጠል የተቀመጠ ነው። እሱንም ዳይሬክት አደረግነው።

«አንዲት ማብሪያ ይህን ያህል ታስጽፋለች?» ለሚል ሰው የአሜሪካውን ጄኔራል ሞተርስ ላስታውሰው። በ2014 እ.ኤ.አ. ያ ግዙፍ ኩባንያ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን በአንዲት የቁልፍ ማብሪያ ብልሽት ምክንያት ለጥገና ጠራ። ማብሪያዋ ልል ነበረች፤ መኪናው እየሄደ ቁልፉ በራሱ ይመለስና ሞተሩ ይጠፋል፤ የመሪው ኃይል ይቋረጣል፤ በግጭት ጊዜም ኤርባጉ አይከፈትም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ምክንያት ለመሞታቸው የቀረበውን ጥያቄ ተቀብሏል። የሚያሳዝነው፣ ችግሩን በኩባንያው ውስጥ ለዓመታት የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። እነሱም እንደ እኔ «ትንሽ ነገር ናት» ብለው አልፈዋት ነበር።

ወደ መንደራችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ከሟቾቹ 23 በመቶው እግረኞች፣ 21 በመቶው ደግሞ በሞተርና በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች የሚጓዙ ናቸው። እንግዲህ ሐዋሳን አስቡ። ከተማችን በባጃጅ፣ በሞተር፣ በብስክሌትና በእግር የምትንቀሳቀስ ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ ቱላ፣ ከአሞራ ገደል እስከ ሪፈራል የምናየው መንገደኛ ያ ሪፖርት የሚቆጥረው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ጥበቃው ብረት አይደለም፤ መታየት ነው። ህንድ ከኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚመረቱ ባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪዎች የፊት መብራታቸው ሞተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲበራ አስገድዳለች። እኛ የምንነዳቸው ሞተሮችና ባጃጆች አብዛኞቹ የመጡት ከዚያችው አገር ነው። እነሱ ማጥፊያውን ያነሱት ባለሞተሩ እንዲታይ ነው፤ እኛ ማብሪያውን የምንቆርጠው ባትሪ እንዳያልቅ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መካኒኩን መስደብ ቀላል ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። መካኒክ ዕቃ ሲቀይር እንከፍላለን። ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ጥፋቱን ሲያገኝና በነፃ የሆነች ሽቦ ሲያጠብቅ ግን «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» እንላለን። ለማግኘት የማንከፍለው ሰው እንዴት ይፈልግልናል? ባለሙያውን ወደ ዕቃ ቀያሪነትና ወደ ሽቦ ቆራጭነት የገፋነው እኛ ደንበኞች ነን። የጋራዥ ቋንቋችንን ካያችሁት ፍሬኑም፣ ፍሬቻውም፣ ናስትሮውም ከጣሊያን የወረስናቸው ስሞች ናቸው። ስሙን ከተቀበልን ዘመን ተቆጥሯል፤ ሥራውን በአምፖልና በሽቦ እየፈተሹ የሚሠሩት ግን ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሙያቸውን ለማን እያስተላለፉ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከተማችን ውስጥ የሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ ተማሪ ሲመረቅ የሚፈተንበት አንዱ ጥያቄ «ይህ መብራት ለምን አልበራም? ዕቃ ሳትቀይር አሳየኝ» የሚል ቢሆን ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ወገን መንግሥት ነው። ስለ ሞተር ያለን ውይይት ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በክልከላ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ ስታግድ ምክንያቱ ወንጀል ነበር፤ ክርክሩም በዚያው ላይ ቀረ። ስለ ሞተሮቹ ደህንነት ብዙ የተነጋገረ አልነበረም። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራችን ደግሞ የአንድ ቀን ፈተና ሆኗል። ራሴን ልመስክር፤ ለምርመራ ቀን ፍሬቻ አስተካክዬ ሄጄ፣ ቦሎ ለጥፌ፣ በሳምንቱ ፍሬቻው ሲጠፋ እስከ ዓመቱ የረሳሁበት ጊዜ አለ። ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድና ሄልሜት ይጠይቃል፤ ደግ ነው። «እስቲ ፍሬን ያዝ» ብሎ ከኋላ ለማየት ግን አምስት ሴኮንድ ይበቃዋል። ያቺ አምስት ሴኮንድ፣ ለመቅጣት ሳይሆን «ሄደህ አሠርተህ ነገ አሳየኝ» ለማለት ብትውል፣ ከስንት ዘመቻና ባነር ትበልጣለች።

«ነገ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሲሆን ይሄ ሁሉ ይቀራል» የሚል ወዳጅ አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በየመንገዱ መታየት ጀምረዋል። ወዳጄ ግን ተሳስቷል። በብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ የፍሬን ማብሪያው መብራት ከማብራት ሌላ ሥራ አለው፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ይቆርጣል። እሱን ዳይሬክት ያደረገ ሰው፣ ፍሬን ይዞ ወደፊት የሚገፋ ሞተር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በቤንዚኑ ሞተር መብራት ያሳጣን ልማድ በኤሌክትሪኩ ላይ ማቆሚያ ሊያሳጣን ነው።

ለማንኛውም እኔ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። ሞተሬን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዞረውና የእጅ ፍሬን፣ የእግር ፍሬን፣ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ እያልኩ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አያለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን አንዱ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆሞ ያንኑ ያደርጋል።

ልጅቷን ባለፈው ወር አየኋት፤ ከእናቷ ጋር ገብርኤል አካባቢ መንገድ ሲያቋርጡ። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። እናቷ አወቀችኝና ሰላም አለችኝ። ልጅቷ አላወቀችኝም። እሷ አላወቀችኝም እንጂ እኔ ያቺን ጠባሳ በመቶ ብር እንደገዛኋት አውቃለሁ።

ቀጣዩ «ዳይሬክት ላድርገው?» ሲመጣላችሁ መልሱ አንድ ይሁን፦ «አይ፣ መጀመሪያ ለምን እንደጠፋ ፈልግልኝ። ለፍለጋው እከፍልሃለሁ።»

ሞተርና ባጃጅ ለሚነዳ ወዳጃችሁ አድርሱልኝ። ቸር እንሰንብት።